የኒካኖር የመጨረሻ መስመር

የሞተው ሰው ጉንጩ ቀልቶ ነበር። ኒካኖር ሳቪች ዙየቭ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ አመድ መስሎ ኖሮ፣ ሲሞት የሙሽራ ፊት አወጣ። አግላያ ቲኮኖቭና ሹቢና አልጋው አጠገብ ቆማ አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ሃያ ስምንት ዓመት በመርማሪነት ስትሠራ እንዲህ ያለውን ቅላት ብዙ ጊዜ አይታለች። ከሰል የገደለው ሰው ሁሉ እንዲህ ይቀላል።

«ግልጽ ጉዳይ ነው» አለ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ሻምበል ኮርኒ ኢላሪዮኖቪች፣ በሩ ላይ ተደግፎ። «ጎረቤቱ ፌክላ ምድጃውን አነደደች። ፍሙ ሳይከስል የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ዘጋችው። ሽማግሌው ታፍኖ ሞተ። ቸልተኝነት ነው። ወረቀቱን ጨርሻለሁ፤ እርስዎ መፈረም ብቻ ነው የቀረዎት።»

«እንዴት ያለ ፍጥነት ነው» አለች አግላያ። «ሌባ ሲያባርሩም እንዲሁ ነዎት?»

«ዛሬ ምን እሮጣለሁ ብለው ነው?» ሻምበሉ ቀኝ እግሩን አንከስ አድርጎ አሳያት። «ትናንት ማታ ከባህል አዳራሽ ስወጣ ወደቅሁ። ዝናቡ የቀዘቀዘው ደረጃ ላይ ወርዶ መስታወት አድርጎት ነበር። ግማሽ ከተማ ነው የወደቀው።»

«የቀረው ግማሽ ቀድሞ የወደቀ ይሆናል።»

አግላያ ይህችን ከተማ፣ ኬምዛን፣ አትወድም፤ በመጸው ማብቂያ ደግሞ ጨርሶ አትወዳትም። በዚህ ወቅት ሰማዩ ጣሪያ ላይ ይተኛል፤ ጭቃው ጠዋት ይደርቅና ቀትር ላይ ጫማ ይበላል፤ ወንዙ እንደ ገንፎ የወፈረ የበረዶ ፍርፋሪ እየጎተተ አይፈስም አይረጋም። ሰዎቿም እንደ ወንዙ ናቸው ትላለች፤ ውሃም አይደሉም በረዶም አይደሉም። አዳራሽና ሙዚየም፣ ጋዜጣና የክብር ዜጎች አሏት። በዚያ ሁሉ ክብር መካከል ግን ጥርጊያ የተሠራለት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ሻምበሉ ቤት የሚወስደው።

«ዛሬ ቀን ዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻው ጀልባ ነው» አለ ሻምበሉ። «ከዚያ ወንዙ ረግቶ ሰው እስኪሸከም ሦስት ሳምንት ማንም አይሻገርም። ሴትዮዋን ይዘዋት ቢሄዱ ይሻላል። እኔ ጋ ማሰሪያ ቦታ የለኝም፤ እስር ቤቱ ውስጥ ድንች አስቀምጠናል።»

ፌክላ ሚኔየቭና ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስልሳ ዓመት የሆናት አጭር ሴት ናት። ጉልበቷ ላይ በሻርፕ የታሰረ ጥቅል አለ፤ ሁለት ሸሚዝ፣ ዳቦ፣ ሳሙና። እንደምትታሰር የነገራት ሰው እንኳ አልነበረም፤ የሻምበሉን ድምፅ ሰምታ ራሷ ነው ያዘጋጀችው።

«እሜቴ» አለች መርማሪዋ ስትጠጋት፣ «መሄዱን እሄዳለሁ። ላሜ ግን አለች። በሰኔ ነው የወለደችው። ማን ያልባታል? ጎረቤቶቼ ከጠዋት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ እያሉኝ ነው፤ የነፍሰ ገዳይ ላም ማን ይነካል?»

«መጀመሪያ ምድጃውን ንገሪኝ። ላሟን በኋላ።»

«ትናንት ጠዋት አነደድኩ። አራት ሰዓት ላይ ፍሙ ጠቁሮ ሰማያዊ ነበልባል እንደሌለ ሁለት ጊዜ አይቼ ዘጋሁት። በዚህ ቀዬ ተወልጄ ምድጃ መዝጋት አላውቅም? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሾርባ ይዤለት መጣሁ፤ ምድጃው ሞቅ ያለ ነበር፤ እንደገና አልነካሁትም። ለዛሬ ጠዋት የሚሆን የበርች እንጨት ከጎኑ ደርድሬ ሄድኩ። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፤ እንጨቱ የለም፤ መዝጊያው ተዘግቷል።»

«እሱ ራሱ አንድዶት ቢሆንስ?»

«በየትኛው እግሩ? ከወር በፊት የወንዙን ልክ ሊያነብ ሲወርድ ወድቆ እስከ ጭኑ ጀሶ ነው። ከአልጋ እስከ መስኮቱ ጠረጴዛ ድረስ በክራንች ይሄዳል፤ ጎንበስ ማለት ግን አይችልም። የወንዙን ውሃ እኔ ነኝ ወርጄ የማየው፤ ከታች ቁጥሩን እጮህለታለሁ፣ እሱ በትንሿ መስኮት ሰምቶ ይጽፋል። በየቀኑ ይሰድበኛል። ‹ሴትዮ፣ ቁጥር ነው የጠየቅሁሽ፣ የሠርግ ዘፈን አይደለም› ይለኛል።» እንባዋ ያኔ ወረደ። በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

አግላያ ለማጽናናት አልተፈጠረችም። ወደ መስኮቱ ሄደች።

ኒካኖር አርባ ዓመት ሙሉ የአየርና የወንዝ ሁኔታ መዝጋቢ ነበር። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የውጩን ሙቀት አይቶ ደብተር ላይ ያሰፍራል። አርባ ደብተር ግድግዳው ላይ ተደርድሯል። አርባ አንደኛው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር፤ እርሳሱ በክር ታስሮበታል። የመጨረሻው መስመር የትናንት ነው፦ ማታ ሦስት ሰዓት፣ ከዜሮ በታች ስድስት፣ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋስ ከሰሜን።

መለኪያው ያለው ውጭ ነው። የቤቱ ሙቀት እንዳያሳስተው በዘንግ ላይ ከግድግዳው ርቆ፣ ወደ ጎን ተተክሏል። ለማየት ከትልቁ መስኮት ላይ የተሠራችውን ትንሿን መስኮት ከፍቶ አንገት ማውጣት ግድ ነው። ትንሿ መስኮት ግን ዙሪያዋን በወረቀት ቁራጭ ተለጥፋ ነበር።

ይሄ በኬምዛ እንግዳ ነገር አይደለም። ብርዱ ሊገባ ሲል ሁሉም ቤት ሁለተኛውን መስኮት ይገጥማል፤ በመካከሉ ጥጥ ይጎዘጉዛል፤ ስንጥቁን በወረቀት ይለጥፋል።

«መስኮቶቹን ማን ለጠፋቸው?» አለች አግላያ።

«እኔ፣ ከአሥር ቀን በፊት። ትንሿን ግን አልነካኋትም! መቀርቀሪያዋ ከበጋ ጀምሮ ተሰብሯል፤ ነፋስ ይከፍታታል። እሱ እንደሆነ አየር ይግባ ብሎ ዝም ይላታል። እሷን ብለጥፍ በምን ያነባል? በምን ይሰድበኛል?»

«ሁሉንም ራሷ ለጥፋ አሁን ትክዳለች» አለ ሻምበሉ ከበሩ።

አግላያ ጣቷን ምራቅ አስነክታ የትልቁን መስኮት ወረቀት ነካች። ደረቅ ነው፤ እንደ ቅርፊት ተጣብቋል፤ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። ጣቷን እንደገና አርጥባ የትንሿን መስኮት ወረቀት ነካች። ተንሸራተተ። ጣቷን አሸችው፤ አረፋ አወጣ። አፍንጫዋን ጉንፋን ይዞት ነው እንጂ ሳይሸታትም አይቀርም ነበር።

ከእጅ መታጠቢያው ላይ የልብስ ሳሙና አለ። አነሳችው። በመሐሉ ለጥ ያለ ቦይ ተፈልፍሏል፤ ወርዱ ሁለት ጣት ነው፤ የወረቀቱ ቁራጭ ልክ። ሳሙናውን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

«ሻምበል፣ ትናንት እዚህ ቤት ማን ማን ገባ?»

«ፌክላ፣ ጤና ረዳቷ፣ የእህቱ ልጅ ቲት፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ፕላቶን አርካዲየቪች። ለወግ ያህል ነው የጠየቅሁት።»

«እስከ ስምንት ሰዓት ሁሉንም እዚህ ይሰብስቡልኝ። እኔ እስከዚያ እዞራለሁ። እግርዎን ስላመመዎት አብረውኝ ባለመምጣትዎ አላዝንም።»

ጤና ረዳቷ ኤልቪራ ኮንራዶቭና ክሊኒኩ ውስጥ ነበረች። አርባ ዓመት አካባቢ የሆናት፣ ምላሷ ከመርፌዋ የሚፈጥን ሴት ናት። ካፖርቷ ምድጃው ላይ ተሰቅሎ ይተናል።

«ትናንት ቀትር ላይ የሕመም ጠብታ ሰጥቼው ሄድኩ። ሲመሽ ይወስድና ይተኛል፤ ለሦስት ሰዓቱ ይነሳል። መጠጥ እንዳያገናኝ አስጠንቅቄዋለሁ፤ ከተገናኘ በሬም ይጥላል።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለማን እነግራለሁ? ለፌክላ። ለቲት። ለፕላቶን አርካዲየቪች፤ እሱ ሰኞ ዕለት ስለ ጤናው ሲጠይቀኝ ነው።»

«ሌላስ ምን ነገርሽው?»

ኤልቪራ ቀላች። «የእሁዱን። እሁድ ፕላቶን አርካዲየቪች የክብር ዜጋ ይባላል አይደል? ስለ አየር በጻፈው መጽሐፍ። ኒካኖር ታዲያ ‹ቲት በጋሪ ያመጣኛል፤ አርባውን ደብተር ይዤ አዳራሹ እገባለሁ፤ የማን እንደሆነ ሕዝቡ ይየው› ይል ነበር። እኔ እንዲታረቁ ብዬ ነው የነገርኩት።»

«ጋዜጣ ቢዘጋ አንቺ ትበቂያለሽ። ትናንት ማታ የት ነበርሽ?»

«ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አንዲት ሴት ሳዋልድ ነበር፤ ባሏም እናቷም አብረውኝ ነበሩ። ከዚያ በዚያ ዝናብ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ካፖርቴ ይኸው እስከ አሁን አልደረቀም። ሦስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር የለኝም።» ቀና አለች። «ምስክር ያስፈልገኛል እንዴ?»

«ቤትሽ የት ነው?»

«ኮረብታው ላይ፣ አዲሱ የመንግሥት ሕንጻ።»

«መስኮትሽን በምን ትለጥፊያለሽ?»

«በሳሙና ነዋ! በሕንጻችን የዱቄት ሙጫ ክልክል ነው፤ የመስኮቱን ቀለም ይልጣል። ወረቀቱን አርጥበው ሳሙናው ላይ ይጎትቱታል፤ ሲሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ሁላችንም እንደዚያ ነን። ለምን ጠየቁኝ?»

«እኔም መስኮት አለኝ» አለች አግላያ።

ቲት ጀልባው ላይ ነበር፤ ጀልባ ነጂ ነው። ፊቱ እንደ ሞተሩ ዘይት ጠጥቷል። የሚያድርባት የጀልባዋ ክፍል መስኮት በአሮጌ ሱሪ ተወትፏል።

«ሬሳው ሳይቀበር ‹ቤቱ ላንተ ይቀራል› ብለው ሊጠረጥሩኝ ነው የመጡት?» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ትናንት ከሰዓት ጨው አድርሼለት መጣሁ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሰክሬ ነው። ምስክሬ ጠርሙሱ ነው፤ ባዶውን ላሳይዎት እችላለሁ።»

«መስኮትህን አትለጥፍም?»

«ሱሪ እያለ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ሳቀና ወዲያው ተወው። «አጎቴን እሁድ በጋሪ ልወስደው ነበር። ኮቱን አስቦርሾ ነበር። የፕላቶንን ፊት ማየት አማረኝ እያለ።»

«ምን አድርጎት ነው ፕላቶን?»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ወንዙ የሚረጋበትን ቀን በጋዜጣ ይተነብያል አይደል? አንድ ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም። የሚነግረው አጎቴ ነበር። አጎቴ ደግ ነበር፤ ማለቴ ሞኝ። መጽሐፉ ሲወጣ ከፍቶ ቢያየው ስሙ አንድ ቦታ የለም። እና ዘንድሮ ፕላቶን እንደ ልማዱ ሲመጣ የውሸት ቀን ነገረው። ፕላቶን አተመው። ወንዙ የወሩ መባቻ ላይ ይረጋል ብሎ! ዛሬ ወሩ ከገባ ስምንተኛ ቀን ነው፤ ይኸው እየፈሰሰ ነው። ገበያ ላይ ሴቶቹ ‹እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ› እያሉ እየተረቱበት ነው።»

ፕላቶን አርካዲየቪች ስቬትሎዛሮቭ መርማሪዋን በሙዚየሙ ቢሮ ተቀበላት። ብሩሽ የበዛበት ነጭ ጢም አለው። ከጀርባው የገዛ ትንቢቶቹ ከጋዜጣ ተቆርጠው በመስታወት ተሰቅለዋል፤ የዘንድሮው ምስማር ብቻ ባዶውን ቀርቷል።

«ትልቅ ሐዘን ነው» አላት። «ትሑት ሠራተኛ ነበር። እንደሱ ያሉ ትናንሽ ሰዎች ባይኖሩ እኛ ሳይንቲስቶች ምን እንሆን ነበር?»

«ይህን ነው ልጠይቅዎት የመጣሁት። ትናንት ሄደው ነበር?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፤ አሥር ደቂቃ ያህል። ትንሽ ቅሬታ ነበረን፤ ተቃቀፍን፤ አለቀ። ከዚያ ለባህል አዳራሹ ዝግጅት ልዘጋጅ ኮረብታው ሕንጻ ላይ ያለው ቤቴ ገባሁ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት መድረክ ላይ ነበርኩ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ንግግር ሳደርግ ሁለት መቶ ሰው ሰምቶኛል። እሱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር፤ መዝገቡን ጽፏል አይደል?»

«መዝገቡን ማን ነገረዎት?»

«ኒካኖር መዝግቦ አለመዝገቡ ይጠየቃል እንዴ? አርባ ዓመት አንድም ቀን አላመለጠውም።» ፈገግ አለ። «ያቺ ምስኪን ሴት! ካነበበ በኋላ መጥታ አንድዳለት ይሆናል። ያልተማረ ሰው ደግነቱም ይገድላል። እንዳይጨክኑባት።»

አግላያ ስትወጣ እንደገና ጭቃ ውስጥ ገባች። ብዙ ክፉ ሰው አይታለች። አንዳንዶቹን ፈርታለች፤ ለአንድ ሁለቱ አዝናለች። ይህኛው ግን አስጠላት። በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ተፋች፤ በከተማው የሠራችው የመጀመሪያ ጨዋ ያልሆነ ነገር እሱ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም የኒካኖር ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሬሳው ወደ ክሊኒኩ ተወስዶ አልጋው ባዶ ነው። ፕላቶን አንዱን ደህና ወንበር ያዘ። ኤልቪራና ቲት ቆሙ። ፌክላ ጥቅሏን እንዳቀፈች በርጩማዋ ላይ ናት፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አይነቀልም። አንድ ሰዓት ቀርቷታል።

«ወረቀቱን አልፈረሙም» አለ ሻምበሉ።

«አጻጻፍዎ ደስ አላለኝም። ይቀመጡ፣ እግርዎን ያሳርፉ። ትናንት መቼ ነው የወደቁት?»

«አልኩዎት እኮ፤ አራት ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ስወጣ።»

«በምን?»

«በዝናቡ!»

«ኤልቪራ ኮንራዶቭና፣ ዝናቡ መቼ ጀመረ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስወጣ ይወርድ ነበር። ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞሮ፣ አየሩ ለስልሶ።»

አግላያ ደብተሩን አነሳች። «ኒካኖር ሳቪች አርባ ዓመት ውሸት አልጻፈም። ትናንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ ከዜሮ በታች ስድስት፣ ሰማይ ጥርት ያለ፣ ነፋስ ከሰሜን። በዚያች ሰዓት ከተማው በሙሉ በዝናብ ይበሰብሳል። ሽማግሌው ታመመ እንጂ አልታወረም። እንግዲህ ይህን መስመር የጻፈው እሱ አይደለም፤ የተጻፈውም በሦስት ሰዓት አይደለም። ከዝናቡ በፊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሌላ ሰው ገምቶ ነው የጻፈው።»

ሻምበሉ ደብተሩን ወስዶ አነበበው፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ።

«ለምን ይጽፋል?» አለ በመጨረሻ።

«ሟቹ ሦስት ሰዓት ላይ በሕይወት እንደነበር እኔና እርስዎ እንድናምን። እርስዎ አምነዋል። ሁለተኛው ነገር መስኮቷ ናት። ፌክላ ትንሿን መስኮት ልትለጥፍ አትችልም፤ ከወንዙ ቁጥር የምትጮህለት በእሷ በኩል ነው። ወረቀቱም የእሷ እጅ አይደለም። የእሷ በዱቄት ሙጫ ነው፤ አይጥ ይመስክር። ትንሿ ግን የተለጠፈችው በሳሙና ነው።» መሐረቧን ፈትታ ሳሙናውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ገዳዩ እንጨቱን አነደደ፤ ፍሙ ሲቀላ መዝጊያውን ዘጋ። መስኮቷ ግን መቀርቀሪያ የላትም፤ ነፋስ ይከፍታትና ጭሱ ይወጣል። ከፌክላ የተረፉ የወረቀት ቁራጮች እዚህ ነበሩ። ሙጫ አልነበረም። አንድ ሰው ሙጫ ሲያጣ እጁ የለመደውን ይሠራል። የዚህ ሰው እጅ የለመደው ወረቀት አርጥቦ ሳሙና ላይ መጎተት ነው። በዚህ ወንዝ ዳር እንደዚያ የሚያደርግ ቤት የለም። ቲት እንኳ ሱሪ ይወትፋል እንጂ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ቲት።

«ሳሙና የኮረብታው ሕንጻ ሕግ ነው። ከዚያ ሕንጻ ትናንት እዚህ የገቡት ሁለት ናቸው።»

ኤልቪራ ግድግዳውን ያዘች። «እኔ?»

«አንቺ ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ተኩል ምስክር አለሽ፤ ሦስት ሰዓት ላይ የለሽም። አንቺ ብትሆኚ የሐሰት መስመሩን የምትጽፊው ለሦስት ሰዓት ነው? ራስሽን ጉድጓድ ውስጥ ለመክተት? ይህ መስመር የሚጠቅመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል የት እንደነበረ ምስክር ለሌለው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ሁለት መቶ ሰው ለሚያየው።»

ሁሉም ዞረው ፕላቶንን አዩት። እሱ ጢሙን እያስተካከለ ሳቀ።

«በሳሙና ልከሰስ ነው? ክብርት መርማሪ፣ እኔ ነገ ከነገ ወዲያ የክብር ዜጋ የምሆን ሰው ነኝ።»

«ለዚያ ነው የገደሉት። እሁድ በጋሪ አርባ ደብተር ሊመጣብዎት ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ እርስዎ ግን ሃያ ዓመት አጊጠውበታል። ለእርቅ ብለው መጥተው መጠጥ አቀመሱት፤ ከጠብታው ጋር እንደማይገናኝ ኤልቪራ ነግራዎታለች። ሲተኛ አነደዱ። እጅ ጽሑፉን መምሰል አላስቸገረዎትም፤ ሃያ ዓመት የገለበጡት ነው። የምትታሰር ደግሞ አለች፤ ላም ያላት፣ ጠበቃ የሌላት።»

«ግምት ነው። ይህ ሁሉ ግምት ነው።»

«እውነት ነው፤ ግምት የእርስዎ ሙያ አይደለም» አለች አግላያ፣ ደብተሩን እያጠፈች። አሁን ድምፅዋ ውስጥ ያለው ንቀት ለማንም አልተሰወረም። «እኔን የገረመኝ ግድያው አይደለም፤ ሰነፍ ሁሉ ይገድላል። የገረመኝ ይሄ ነው። ይህ ከተማ ሃያ ዓመት ሙሉ ነቢይ ያለው ሰው፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አየሩን በራሱ ጭንቅላት መገመት ነበረበት። የአንድ ወር ሳይሆን የሁለት ሰዓት። እሱንም አልቻለም። ፌክላ ትችለው ነበር። ላሟም ትችለው ነበር። እሁድ በአዳራሹ ለሕዝቡ እንዲነበብ ጽፌ የምተወው ይህን ነው።»

የፕላቶን ፊት ተለዋወጠ። «ማንም አይችልም ነበር!» ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ያውቃሉ እርስዎ? የነፋሱ መዞር ድንገት ነው! አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከዚህ ቤት ስወጣ ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር፤ ነፋሱ ከሰሜን ነበር፤ ማንም የአየር ባለሙያ ቢሆን ስድስት ብሎ...»

ንግግሩ ተቋረጠ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አሥር ደቂቃ» አለች አግላያ ቀስ ብላ። «ለእኔ እንዲያ ነበር ያሉኝ። ሻምበል፣ አሁን አዲስ ወረቀት ይጻፉ። ስሙን ላግዝዎት እችላለሁ።»

ሻምበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያነክስ ተነሳ። ፌክላ ጥቅሏን ፈትታ ዳቦውን አወጣች፤ ምን እንደምታደርግበት ሳታውቅ ለቲት ሰጠችው። ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች። ጠዋት እንባዋን የጠረገችበት እጅ አሁን አልተነሳም።

ጀልባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳ። የበረዶው ፍርፋሪ ጎኑን እየፋቀ ይሄዳል። ፕላቶን በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀምጧል፤ ጢሙን ነፋሱ ወደ ፈለገው ያዞረዋል። አግላያ የኒካኖርን ደብተር ለማስረጃ በጉያዋ ይዛለች።

ቲት መሪውን እንደያዘ ዘወር አለ።

«ፕላቶን አርካዲየቪች፣ ከዚህ መልስ ሥራ ፈት ነኝና ልጠይቅዎት፤ ወንዙ መቼ ይረጋል?»

ፕላቶን ወደ ውሃው ተመለከተ። ወደ ሰማዩም ተመለከተ። ቲት ጠበቀው፤ ፖሊሶቹም ጠበቁት፤ አንደኛው እንዲያውም ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

አግላያ ደብተሩን ገለጠች። ኒካኖር ከሦስት ሳምንት በፊት በኅዳጉ ላይ በትንሹ ጽፎት ነበር፦ ‹ለፕላቶን የነገርኩት፦ አንድ። የሚረጋው፦ አሥራ አንድ።›

«ከሦስት ቀን በኋላ» አለች።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ወንዝ ዳር ባለው ቤት ትንሿ መስኮት ተከፍታለች፤ የተገነጠለው ወረቀት ጫፏ ላይ ይውለበለባል። በሻርፕ የተጠቀለለ ጭንቅላት ወጣ፤ ወደ ጎን አንገቱን ሰግጎ መለኪያውን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ተመልሶ ገባ። ፌክላ የዘጠኝ ሰዓቱን በአዲስ ደብተር እየጻፈች ነበር።